አመክንዮ በጎንደር ጉባኤ

በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር ነገሥታት ሊቃውንቱን ሰብስበው ሲያከራክሩ፣ የእግዚአብሔር መኖር ለሙግት አልቀረበም። ያከራከረው በሐዋርያት ሥራ 10፥38 የተነገረው የክርስቶስ መቀባት ምን ማለት ነው የሚለው ነበር። ቅባቶች የተባሉት ወገን የክርስቶስ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ፤ ተዋሕዶዎች የተባሉት ተቃዋሚዎቻቸው ግን የመለኮትና የሥጋ ተዋሕዶ ራሱ ሥጋን ካከበረ ሌላ ቅባት ምን ይሠራል ብለው ሞገቱ። ከተቀበሉት ቃል ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መሄድ ይህ ነው፤ ከዚህ የጠራ አመክንዮ የትም አይገኝም። የመነሻውን ቃል እውነትነት ግን ማንም አልጠየቀም። እንግዲህ አመክንዮው እምነቱን አስተካከለ እንጂ አልወለደውም፤ የማይጣጣመውን መለየት ቻለ፣ ለምን ይታመናል የሚለውን ግን አልነካውም።

የክርክሩን ፍርድ የሰጠው ሰይፍ እንጂ ሙግት አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነትም አለው። አፄ ዳዊት 3ኛ (1716–1721 እ.ኤ.አ.) ለቅባት ወገኑ፤ በተቃራኒው የቆሙት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም በጎንደር ተገደሉ። ሰይፉ ግን ማንንም አላሳመነም (ነገሥታቱ ይህን ሲማሩ ዘገዩ)። ክርክሩ ዘመነ መሳፍንትን ተሻግሮ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ እስኪጠሩ ድረስ ቆየ። በዚያም ቢሆን ዳኛው ንጉሥ ነበር፣ ማስረጃውም መጽሐፍ።