ለስብሰባና ለንግድ ሥራ የመጡ እንግዶች ቆይታቸውን በጉብኝት የሚያራዝሙበት አሠራር

አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ በመሆኗ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ተለይቷት አያውቅም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ እንግዶች በርካታዎቹ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ስብሰባ አዳራሽ ተመላልሰው ወደየሀገራቸው የሚመለሱ ናቸው። እንግዳው የአየር ትኬቱን አስቀድሞ የከፈለ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ቀን ለመጨመር የሚጠየቀው ወጪ ለብቻው ለጉብኝት ከሚደረግ ጉዞ እጅግ ያነሰ ነው። በሀገር ውስጥ በኩልም ተጠቃሚው ሆቴሉ ብቻ አይሆንም፤ አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ነጋዴና ከከተማ ውጭ ያለው ምግብ ቤት ድርሻ የሚያገኙት በዚሁ ተጨማሪ ቀን ነው።

ጉዳዩ የሚወሰነው ግን እንግዳው ከመነሳቱ በፊት ነው። የመመለሻ ትኬት ከተቆረጠና ቪዛ ከተሰጠ በኋላ በሆቴል መግቢያ ላይ የሚቀመጥ በራሪ ወረቀት የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። ስለሆነም እንግዳ የሚጋብዝ ድርጅት፣ የንግድ ተቋምም ሆነ የሙያ ማኅበር፣ በጥሪ ደብዳቤው ላይ ከስብሰባው በፊት ወይም በኋላ መቆየት እንደሚቻል ቢገልጽ ይመረጣል። በዚሁ ደብዳቤ ጋባዡ የሚሸፍነው የሆቴል ወጪ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል። ይህ ሳይገለጽ ቀርቶ በመጨረሻው ዕለት በሒሳብ ክፍያ ላይ የሚነሳ አለመግባባት መልካሙን መስተንግዶ ያበላሻል።

ቪዛን በሚመለከት፣ እንግዳው የሚጠይቀው የቆይታ ጊዜ የጉብኝቱን ቀናት ጭምር ያካተተ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ የሚቀርብ የማራዘሚያ ጥያቄ የሚስተናገደው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት የተፈቀደው ጊዜ ከማብቃቱ በፊት ነው። ጊዜው አልፎበት የቆየ እንግዳ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ የድንቅነሽ ቤት የሆነውን ብሔራዊ ሙዚየም፣ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ወይም በፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሊጎበኝ ይችላል። ሙሉ ቀን ላለው ሰው በርካታ አስጎብኚዎች ቢሾፍቱን ያስቀድማሉ፤ ሐይቆቹ ለዕረፍት የተመቹ፣ መንገዱም ፈጣን ነው። ለታሪክ ፍላጎት ላለው እንግዳ ግን የቡታጅራው መስመር ይበልጣል። በዚህ አንድ መስመር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ፣ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። በማለዳ ከተነሱ ሦስቱንም አይቶ በዚያው ዕለት መመለስ ይቻላል።

ወደ ላሊበላ ለመሄድ ቢያንስ ሁለት ሌሊት መመደብ ይበጃል፤ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት ድካም እንጂ ጉብኝት አይሆንም። ዓለም አቀፍ በረራውን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ያደረገ መንገደኛ የሀገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ የሚያገኝበት አሠራር ስላለ፣ ሁለቱን ትኬቶች አቀናጅቶ መጠየቅ ጠቃሚ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚደረግ ማንኛውም ጉዞ የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው።

ወቅትም ከግምት ሊገባ ይገባል። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄድበት የካቲት በጋ በመሆኑ ለጉዞ የተመቸ ነው፤ በዚያው ልክ ሆቴልና ተሽከርካሪ ስለሚጣበብ ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ የዝናብ ልብስ እንዲይዝ፣ መርሐ ግብሩም ጠዋት ላይ እንዲያተኩር ማድረግ ይሻላል።

ትንሽ ቢመስልም በተደጋጋሚ ችግር የሚፈጥረው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሾፌሩ ጠዋት 1 ሰዓት የሚለው በእንግዳው አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ የመነሻ ሰዓት ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር በጽሑፍ ይሰጥ። አብያተ ክርስቲያናትን ለሚጎበኙ ጫማ እንደሚወለቅ፣ በጾም ቀናት ከከተማ ውጭ ባሉ ምግብ ቤቶች የፍስክ ምግብ ላይገኝ እንደሚችልም ከዋዜማው መንገር ያስፈልጋል።