ኃይል ቆጣቢና ደኅንነቱ የተጠበቀ ኢምቤድድ ሲስተም

ኢምቤድድ ሲስተም በሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ አንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። በአርባ ምንጭም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ቅርቡ ምሳሌ የመብራት ካርድ ቆጣሪ ነው። ደንበኛው ካርዱን አስሞልቶ ለቆጣሪው ያስነብባል፤ ቆጣሪው ፍጆታውን ከሂሳቡ ላይ እየቀነሰ ሄዶ ሂሳቡ ሲያልቅ መብራቱን ይቆርጣል። መለኪያም ገንዘብ ያዥም ስለሆነ የኃይልና የደኅንነት ጥያቄ አንድ ላይ የሚነሳበት መሣሪያ ነው።

ቆጣሪ ራሱ ብዙ ኃይል መብላት የለበትም። ያለማቋረጥ 2 ዋት ብቻ ቢወስድ እንኳ በዓመት 17.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የቆጣሪው ሰዓት የሚሄደው በትንሽ ባትሪ ሲሆን፣ ዋናው ብልሃት ማይክሮኮንትሮለሩን፣ ማለትም ቆጣሪውን የሚመራውን ቺፕ፣ ሥራ ሲኖር ብቻ መቀስቀስ ነው። 225 ሚሊአምፒር ሰዓት የምትይዝ ባትሪ 10 ሚሊአምፒር ለሚስብ ቺፕ አንድ ቀን እንኳ አትቆይም፤ ቺፑ በእንቅልፍ 5 ማይክሮአምፒር ብቻ ከሳበ ግን በስሌት 5 ዓመት ትዘልቃለች። ሙቀት ይህን ዕድሜ ያሳጥረዋል፤ በትራንዚስተሮች የሚሾልከው ኤሌክትሪክም ባትሪው በራሱ ጊዜ የሚያባክነውም ይጨምራል። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካ የፋብሪካ ቁጥር እንደ አርባ ምንጭ ላለ የስምጥ ሸለቆ ከተማ አይበቃም፤ በአካባቢው ሙቀት ዳግም መፈተሽ አለበት።

የቆጣሪውን ደኅንነት በጣም የሚፈትነው መብራት የሚጠፋበት ቅጽበት ነው። ሂሳብ እየተሞላ ሳለ ኃይል ቢቋረጥና ቆጣሪው ገንዘቡን መዝግቦ ካርዱን «ጥቅም ላይ ውሏል» ሳይል ቢጠፋ፣ ያው ሂሳብ ሁለቴ ሊሞላ ይችላል። መቋረጡ ደግሞ ሆን ተብሎ ሊደረግ ይችላል። መፍትሔው ሁለቱ ምዝገባዎች አንድ ላይ እንዲጸኑ ወይም አንድ ላይ እንዲሰረዙ አድርጎ መንደፍ ነው፤ ለዚህም ኃይል ሲቋረጥ ጽሕፈቱን የሚያስጨርስ ካፓሲተር ያስፈልጋል።

ባትሪውም ራሱ ይጠቃል። ፍራንክ ስታጃኖና ሮስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ አጥቂ በባትሪ የሚሠራን መሣሪያ ያለማቋረጥ እየቀሰቀሰ እንቅልፍ በመንሳት ሊገድለው ይችላል። የአባያንና የጫሞን ሐይቆች የውሃ ከፍታ ለመለካት ከመብራት መስመር ርቆ ለሚተከል ሴንሰር ይህ አደጋ ከቆጣሪው ይብሳል። መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ከመንቃቱ በፊት የጠራውን አካል ማንነት በአነስተኛ ኃይል ማጣራት ይኖርበታል።

ምስጠራ ባትሪ ይጨርሳል የሚለው ምክንያት ዛሬ ብዙ አያስኬድም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 አስኮን የተባለውን ምስጠራ የመረጠው ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ነው፤ በሬዲዮ መልእክት መላክም አብዛኛውን ጊዜ ከመመስጠር የበለጠ ኃይል ይወስዳል። ይልቅ ዋናው ጉዳይ የምስጠራ ቁልፍ አያያዝ ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ ቁልፍ ካለው አንዱን የፈታ ሰው የሌላውን አያገኝም። ለሁሉም አንድ ቁልፍ የሚሰጥ ንድፍ ግን ምንም ያህል ኃይል ቢቆጥብ ለአገልግሎት መቅረብ የለበትም።