ሳንቲያጎ አቲትላን፦ ሰው የበዛበት ጠባብ ዳርቻ

በጓቲማላ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው የአቲትላን ሐይቅ፣ ከ70 ሺሕ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ጥልቀቱ ከ300 ሜትር ያልፋል። ወንዞች ይገቡበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህም እንደ ዝናቡና እንደ መሬቱ መናወጥ ከፍ ዝቅ ይላል። በደቡብ በኩል ሳን ፔድሮ፣ ቶሊማንና ከሁሉም የሚረዝመው አቲትላን (3,535 ሜትር) የተባሉት እሳተ ገሞራዎች ቆመዋል። ውሃው በሳን ፔድሮና በቶሊማን መካከል ሰርጎ በሚገባበት ስፍራ፣ ጥንት ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ላይ፣ የሳንቲያጎ አቲትላን ከተማ ተቀምጣለች።

ወረዳው 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ያለውን ገደልና ድንጋዩን ቀንሰን ስናየው ለበቆሎና ለቡና የሚቀረው መሬት ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ዛሬ ከ40 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ይኖራል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጹቱሂል የተባለው የማያ ሕዝብ ናቸው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ በመካከላቸው ሰው ጎን ለጎን የማያልፍባቸው መተላለፊያዎች ብቻ ቀርተዋል። መጨናነቁን በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚያስረዱ አሉ። እኔ ግን ታሪኩን ሳየው ሕዝቡን የቆጠረው ሁሉ ማለት ይቻላል ከሕዝቡ አንድ ነገር ሊወስድ የመጣ መሆኑ ይገርመኛል።

የጹቱሂሎች መናገሻ ቀድሞ በሰላጤው ማዶ፣ በሳን ፔድሮ ግርጌ ባለው በቹዊቲናሚት ኮረብታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1524 የስፔን ጦር መሪ ፔድሮ ዴ አልቫራዶ የጎረቤት ባላንጣዎቻቸውን ካቅቺኬሎችን አሰልፎ ወጋቸውና አስገበራቸው። በ1547 የፍራንሲስካን መነኮሳት ሕዝቡን ወደ ዛሬው ስፍራ ሰበሰቡት። የተሰበሰበ ሕዝብ ለማጥመቅም ለማስገበርም ይቀላል። በ1585 አሎንሶ ፓዬዝ ቤታንኮር የተባለው ሹምና አባ ፔድሮ ዴ አርቦሌዳ ለንጉሡ ባዘጋጁት ዘገባ ውስጥ የሰፈረው ግብር ከፋይ ከ1,000 ብዙም አይበልጥም፤ ከወረራው በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር የቀረው ትራፊ ነበር። ለጥፋቱ ምክንያት የተባሉት ፈንጣጣና ኩፍኝ፣ እንዲሁም ወንዶቹ ለስፔኖች ጦርነትና ለወርቅ ቁፋሮ መወሰዳቸው ነው።

ቁጥሩ ተመልሶ እስኪሞላ ብዙ ዘመን ወሰደ፤ ሲሞላ ግን መሬቱ አልጠበቀውም። ወደ ፓስፊክ በሚወርደው ሞቃት ተዳፋት ላይ ጹቱሂሎች የካካዎ እርሻ ነበራቸው። ከ1870ዎቹ ወዲህ በመንግሥት ድጋፍ የተስፋፋው የቡና ርስት የዚያን አገር ማያዎች ብዙ የጋራ መሬት በላው። በ1934 ደግሞ የኾርኼ ኡቢኮ መንግሥት ባወጣው ሕግ መሬት የሌለው ገበሬ በዓመት 150 ቀን፣ ጥቂት ያለው 100 ቀን በርስቶች ላይ መሥራቱ በደብተር ይመዘገብ ጀመር።

ሐይቁም አልተረፈም። በ1958 ለቱሪስት አጥማጆች ደስታ ተብሎ ባስ የተባለ ዓሣ ተለቀቀበት፤ ትናንሾቹን ዓሦችና ሸርጣኑን ጨረሳቸው። ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኘው፣ መብረር የማይችለው ጠላቂ ወፍ ፖክም በ1980ዎቹ መጨረሻ ጠፋ። በዓሣው ላይ የዳርቻው ደንገል መጨፍጨፍና ከ1976ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የውሃው መሸሽ ተጨምረውበታል።

በጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ በ1980 ሠራዊቱ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ፓናባኽ ሰፈረ። የዚያን ጊዜው ቆጠራ የሚፈለጉ ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር፤ በሌሊት እየተወሰዱ የጠፉት ብዙ ናቸው። ከኦክላሆማ የመጡት ቄስ ስታንሊ ሮዘርም ሐምሌ 1981 በመኖሪያቸው ተገደሉ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1990 ሌሊት፣ የወታደሮችን ጥቃት ለመቃወም ወደ ጦር ሰፈሩ የሄደ ባዶ እጅ ሕዝብ ላይ ተተኩሶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። ከዚህም በኋላ ነዋሪው ራሱ ስሙን መዘገበ፦ የቻለ ፈረመ፣ ያልቻለ በአውራ ጣቱ አተመ። ሠራዊቱ እንዲወጣ የሚጠይቀው፣ ከ10 ሺሕ በላይ ሰው ያረጋገጠው ማመልከቻ ለመንግሥት ቀረበና በዚያው ወር ሠራዊቱ ለቆ ወጣ። እኔ ከማውቃቸው የከተማዋ ቆጠራዎች ውስጥ ሰዎቹ ለራሳቸው የቆጠሩት ይህ ብቻ ነው።

ፓናባኽ ግን በጥቅምት 2005 ሌላ ዕጣ ገጠማት። ስታን በተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ የራሰው የቶሊማን ጎን ተንዶ መንደሩን ቀበረው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከጭቃው ሥር ቀሩ፣ ፍለጋውም ቆሞ ቦታው መካነ መቃብር ተባለ። መንግሥት ለተረፉት አዲስ ቤት መሥራት የጀመረው እዚያው አጠገብ፣ ናዳው ሊመለስበት በሚችል መሬት ላይ ነበር። አደጋው ሲታወቅ ግንባታው ተተወና ሰዎቹ በሐይቁ ዳር ወዳለችው ቹክሙክ እንዲሄዱ ተወሰነ። ለቤቶቹ መሠረት ሲቆፈር የጥንት ማያዎች የሠሯቸው ግንቦችና የሸክላ ዕቃዎች ወጡ።