ድሮን በእጅ ለመገጣጠም፦ የትኛው ክፍል ከየትኛው ይስማማል?

ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ማግኘቱ እንዳለ ሆኖ፣ ባለ አራት ሞተር ድሮን ገጣጥሞ ለማብረር የሚሻ ሰው ምርጫውን ከፕሮፔለሩ ስፋት ቢጀምር ይሻለዋል፤ የአካሉንም የሞተሩንም መጠን የሚወስነው እርሱ ነውና።

በሞተሩ ላይ «ኬቪ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ሞተሩ ያለ ሸክም በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያመለክታል። ለባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር 2,400 ኬቪ ገደማ የሆነ ሞተር አራት ሴል ካለው የ14.8 ቮልት ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ጋር ይስማማል። ይህንኑ ሞተር በስድስት ሴል፣ ማለትም በ22.2 ቮልት ማሠራት ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ለቃጠሎ መዳረግ ነው፤ ለዚያ 1,800 ኬቪ ገደማ ይበቃል። መቆጣጠሪያው የሚሸከመው አምፔርም ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ከሚስበው መብለጥ አለበት።

የአራቱ ሞተሮች ግፊት ድምር ከድሮኑ ክብደት ቢያንስ እጥፍ ይሁን ይባላል። የደጋ ነዋሪ ግን በዚህ ስሌት ሊታለል አይገባም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በተመሳሳይ ዙር የሚገኘው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በቆላ እጥፍ የነበረው እዚያ አንድ ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል።