የሚበረው ሠረገላና የልጅነት መጻሕፍት

ሰው ወደ ጨረቃ ወጣ፥ በባሕር ጥልቅ ውስጥ ተጓዘ እያሉ የሚተርኩትን መጻሕፍት አንዳንድ ሰዎች የፈረንጅ ቅዠት ናቸው ይሏቸዋል፤ ለተማሪም ጊዜ ማባከኛ አድርገው ይቈጥሯቸዋል። ይህ አስተያየት ከሀገራችን ታሪክ ጋር የሚስማማ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የአክሱሙ ይስሐቅና ጓደኞቹ ወደ ግእዝ የመለሱትን ክብረ ነገሥትን እንመልከት። ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ ከሰጣት ገጸ በረከት መካከል በነፋስ ላይ የሚሄድ፥ እርሱ በጥበቡ ያሠራው መጓጓዣ ይገኛል። ምኒልክና ጓደኞቹም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሲመጡ ሠረገሎቻቸው ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላሉ፤ የ13 ቀን መንገድም በአንድ ቀን ይፈጽማሉ። ሰውም ከብትም አይደክምም፥ አይራብም፥ አይጠማም። የሰሎሞን ሠራዊት ተከትሎ ቢጠይቅ፥ የአገሩ ሰዎች ከንስር ፈጥነው አለፉ ብለው ይመልሱለታል።

ለብዙ አንባብያን ይህ የሃይማኖት መጽሐፍ ስለ ሆነ ተረት ነው ለማለት አልደፍርም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ጸሐፊው በረሩ ብሎ ብቻ አለመተዉ ነው። ምን ያህል ከፍ እንዳሉ፥ ስንት ቀን እንዳተረፉ፥ ከብቱስ እንዴት እንደ ሆነ ለክቶ ይነግረናል። የዛሬዎቹ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጽሐፉ በሀገሩ ምን ያህል ይወደድ እንደ ነበረም ከዚህ ይታወቃል፤ በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትን ቅጂ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ደብዳቤ ጽፈው አስመልሰውታል።

ሁለተኛው መጽሐፍ በውጭ አገር ቢጻፍም የሚናገረው ስለ እኛ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ከተረጐመ በኋላ፥ በ1759 ስለ ሐበሻው መስፍን ስለ ራስላስ ጻፈ። በዚያ ውስጥ አንድ ብልኀተኛ ክንፍ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥበቡን ለሌላ ሰው ላለመግለጥ ቃል ያስገባል። ክፉዎች በደመና ላይ ሆነው በደጎች ላይ ቢወርዱ ግንብም ተራራም አያድንም ብሎ ይፈራል። በመጨረሻ ዘሎ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ያልረዳው ክንፍ በውኃው ላይ ያንሳፍፈዋል። ይህ የተጻፈው የሞንጎልፊየር ወንድማማች ፊኛ በ1783 ከመነሣቱ 24 ዓመት ቀድሞ ነው። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ ባወረዱ ጊዜ የዚያ ብልኀተኛ ፍርሃት እውነት ሆነ። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሰው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ያነበበ ተማሪ ጊዜውን አባከነ ይባላልን?

ልብ ወለድ የሚለውን ስም ደግሞ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮማ ላይ ባሳተመው መጽሐፉ እናገኘዋለን።

ከመሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንመለከት የእንጦጦ ተራራ ይታየናል። በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በዲሴምበር 20 ቀን 2019 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ፥ መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የተዘጋጀው በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው።

እኔ ዡል ቬርንን ያነበብሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ በእንግሊዝኛ፥ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ ነው። አንዱን ገጽ ለመጨረስ አንድ ምሽት ይፈጅብኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው፤ የሠረገላውን ታሪክ በአማርኛ አንብቤለት፥ ሞተሩ የት ነው ብሎ ጠየቀኝ።