ከሰማይ የወረደ ጠላት

ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት ምድርን ሲወር የሚያሳዩ ልብ ወለድ ታሪኮች ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት ሞልተዋል። ወጣቱ ይወዳቸዋል፤ ሽማግሌው የልጅ ጨዋታ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። እኛ ግን ከእነዚህ መካከል ቆየት ያለውንና የታወቀውን አንዱን በተመለከትን ጊዜ፣ ደራሲው ገና ወደ ፊት ይሆናል ብሎ ያሰበው ነገር በጐጃም ሰው ላይ ቀድሞ የተፈጸመ ሆኖ ስላገኘነው፣ ጨዋታውን ከታሪኩ ጋር አመዛዝነን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው «ዶክተር ሁ» ከተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢት አንዱ ነው። ቴሪ ኔሽን የተባለ ደራሲ ጽፎት፣ ቢቢሲ ከኅዳር 12 ቀን እስከ ታኅሣሥ 17 ቀን 1957 ዓ.ም. ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ በስድስት ክፍል አሳይቶታል። የአገራችን ቴሌቪዥንም ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዳሌክ የተባሉ፣ ገላቸው በብረት የተከደነ፣ ርኅራኄ የማያውቁ ፍጥረቶች ምድርን ከመያዛቸው በፊት ከሰማይ ድንጋይ ይዘንባል፤ ከድንጋዩም በኋላ ቸነፈር ይከተላል። ሕዝቡ በበሽታው ካለቀና ከተዳከመ በኋላ ወራሪዎቹ በመርከቦቻቸው ይወርዳሉ። ለንደን ባድማ ትሆናለች። ከተማረኩት ሰዎች አንዳንዶቹ በራሳቸው ላይ የብረት መሣሪያ ተደፍቶባቸው የገዛ ፈቃዳቸውን ያጣሉ፤ ወገናቸውንም እያሳደዱ ለጌቶቻቸው ያስረክባሉ። የቀሩት በማዕድን ጉድጓድ በባርነት ይሠራሉ። ጥቂቶች ግን ከመሬት በታች ተሸሽገው ይዋጋሉ።

የመጀመሪያው ክፍል የታየበት ዕለት ኅዳር 12 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝም ብሎ አያልፈውም። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ዕለት የየሰፈሩ ጥራጊ ተሰብስቦ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው ከኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ነውና፣ ስለ ቸነፈር የሚናገር ጨዋታ በዚያ ቀን መጀመሩን ልብ ሳንል አልቀረንም።

ደራሲው ዳሌኮችን የቀረጸው ናዚዎችን እያሰበ መሆኑ የታወቀ ነው። ትርኢቱን ካዩት እንግሊዞች ብዙዎቹ በ1933 ዓ.ም. ለንደን በአይሮፕላን ስትደበደብ የነበሩ ናቸው። ነገር ግን በባሕር ወሽመጥ ካሉት ጥቂት ደሴቶች በቀር የእንግሊዝን መሬት የጠላት ወታደር አልገዛውም። ስለዚህ ጨዋታው ለእነርሱ ለጥቂት ያመለጡትን መከራ በሐሳብ የሚያሳይ ነበር። እኛ አላመለጥንም።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሥር ከዚያም የራቀ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ፣ ከማርስ የመጡ ፍጥረቶች እንግሊዝን ሲወሩ የሚያሳየውን ልብ ወለድ በመጽሐፍ ያወጣው በ1890 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐሳቡ የመጣለት ከወንድሙ ጋር ሲጫወቱ፣ አውሮፓውያን በታስማንያ ደሴት ተወላጆች ላይ ያደረሱትን እልቂት አንሥተው ነው። በመጽሐፉም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ሕዝብ በስም ይጠቅሰዋል። እንግዲህ ከሌላ ዓለም የመጣ የተባለው ጠላት በመሠረቱ ራሱ ቅኝ ገዢው ነው፤ ደራሲው ያደረገው ነገር ቢኖር መከራውን ወደ አገሩ መልሶ፣ የለንደን ሰው የታስማንያን ሰው ሆኖ ራሱን እንዲያይ ማድረግ ነው። የዌልስ ወራሪዎች ከሚያቃጥል ጨረር ሌላ ጥቁር የመርዝ ጢስ ይለቃሉ። አንባቢው በዚያን ጊዜ ይህን ያየው እንደ ሕልም ነበር።

ከ38 ዓመት በኋላ ግን ሕልሙ በተከዜ ዳር ደረሰ። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሶ በገባ ጊዜ የጐጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጐጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግረው በደምበጊና ጠላትን ድል አደረጉት። ከዚህ ድል በኋላ ቀኑ ብዙ ሳይርቅ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ የኢጣልያ አይሮፕላኖች መጥተው እንደ ወትሮው ቦምብ የማይፈነዳ ልዩ ዕቃ ጣሉ። ራስ እምሩ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ዕቃው መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ፤ የነካው ሰው ሁሉ እጁ፣ እግሩና ፊቱ እየተላጠ ይጮኽ ጀመር። ሕመሙን ለማብረድ ከወንዙ ውኃ የጠጣውም በዚያው ቀረ። ከጠመንጃና ከመድፍ ጋር መዋጋት የሚያውቁት መስፍን፣ ከሚያቃጥል ዝናም ጋር እንዴት እንደሚዋጉ ግራ እንደ ገባቸው አልሸሸጉም። ይህ መርዝ ይፐሪት የሚባለው ነው። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገውን ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች፤ የመከላከያ ሚኒስቴሯ መርዙን መጠቀሟን በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም. ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አይሮፕላኖች ተከታትለው እየበረሩ እንደ ጉም የረቀቀ የሞት ዝናም በሰውና በከብት፣ በውኃና በግጦሽ ላይ ማዝነባቸውን አስረዱ። ዓለም ሰማ፤ አልደነገጠም። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም. ሌሊት፣ ኦርሰን ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የዚያኑ የማርስ ድርሰት በራዲዮ የዜና ማስታወቂያ አስመስሎ ሲያቀርበው፣ እውነት መስሏቸው የደነገጡ አድማጮች ተገኙ። ጋዜጦች ድንጋጤውን ከመጠን በላይ እንዳጋነኑት ዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያው በ1931 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ በመንዝ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በእውነተኛው የመርዝ ጋዝ ተፈጁ። ይህንን ያወራ ራዲዮ አልነበረም።

ወደ ጐጃም እንመለስ። ጠላት አገሩን በ1928 ዓ.ም. ቢይዝም የገዛው መንገዱን ነው እንጂ ገጠሩን አይደለም። በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ግፍና በዚያው ዓመት በደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ላይ ከደረሰው ፍጅት በኋላ የጐጃም ሰው በየአቅጣጫው ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በፋግታ በኩል፣ ነጋሽ በዛብህ በቡሬና በዳሞት፣ ልጅ ኃይሉ በለው በሞጣ በኩል፣ በላይ ዘለቀ በቢቸናና በዓባይ ሸለቆ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ አደረጉት። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ የነበረው ጦር ስንቁንና ዜናውን የሚጠብቀው ከሰማይ ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ግን በሰከላ ተራራ ላይ የተለየ አይሮፕላን ወረደ፤ በፋግታ ከደጃዝማች መንገሻ ጋር ወደ ነበሩት ወደ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመጣውን ኦርድ ዊንጌትን የያዘ ነበር። ለአምስት ዓመት አይሮፕላን ሲያይ ከብቱን ወደ ጫካ ይነዳ የነበረ ገበሬ፣ ወዳጅ ያወረደ አይሮፕላን በማየቱ ምን እንዳለ ማን ይጻፍልን!

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ከገቡ በኋላ በዊንጌት የሚመራው፣ ከ2 ሺህ እምብዛም የማይበልጠው የሱዳንና የኢትዮጵያ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬን ከበበ። በከተማው የነበረው የጠላት ጦር ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥና መድፍና ብረት ለበስ መኪና ያለው ነው። ስለዚህ ሌላ መሣሪያ ተፈለገ። ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ፣ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱን ከኢትዮጵያ ሆኖ የጻፈ፣ ቀጥሎም ጌርኒካ የምትባለው የእስፓኝ ከተማ በአይሮፕላን መደምሰሷን ለዓለም ያሳወቀ ሰው፣ አሁን የስብከቱን ክፍል ይመራ ነበር። «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይታተም፣ ወረቀትም ይበተን ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድምፅ ማጉያው ነው። በሌሊት ወደ ምሽጉ ተጠግተው፣ ከጠላት ጋር ለተሰለፉት ያገር ልጆች በገዛ ቋንቋቸው፣ ንጉሣቸው መመለሱን ይነግሯቸዋል፤ ጥላችሁት ውጡ ይሏቸዋል። ሰውየው በጨለማ የማን ድምፅ እንደሆነ አያይም፤ የሚለውን ግን ያውቀዋል። ብዙዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወጥተው ገቡ። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠላት ቡሬን ለቅቆ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ በመንገዱ የቆመውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ጥሶ ለማለፍም ብርቱ ውጊያ አደረገ።

እዚህ ላይ ወደ ጨዋታው መመለስ የግድ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ የተማረኩት ሰዎች የወራሪውን የድምፅ ማጉያ አግኝተው፣ የጌቶቻቸውን ድምፅ አስመስለው፣ ፈቃድ ለሌላቸው ባሮች «በዳሌኮች ላይ ተነሡ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ባሮቹም ይነሣሉ። ቴሪ ኔሽን የቡሬን ነገር ያውቅ ነበር አንልም። ነገር ግን ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። በጨዋታው ያሉት ባሮች የሚታዘዙት ራሳቸው ላይ የተደፋው ብረት ስለሚያስገድዳቸው ነው፤ ሲነሡም የተነሡት ሌላ ትእዛዝ ስለ ተሰጣቸው ነው። አያምፁም፣ አይጸጸቱም፣ አይወቀሱም። ቡሬ ምሽግ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ብረት አልተደፋበትም። አንዱ ለደመወዝ፣ አንዱ በጐረቤቱ ቂም፣ አንዱ ተገድዶ፣ አንዱም ኤርትራ ተወልዶ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ባንዲራ ሲሰቀል አይቶ የገባ ነው። ያ ሌሊት የተሰማው ድምፅም ትእዛዝ ሳይሆን ጥሪ ነበር፤ መውጣቱም መቅረቱም የራሱ ፈንታ ሆነ። ባንዳ የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ የምናስተምር ሰዎች ይህን ልዩነት ብናስብበት አይጐዳንም። ልብ ወለዱ ከዚህ አስቸጋሪ ጥያቄ በብረት ቆብ አምልጧል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በጫካ ጐጆ የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ያስጠጓቸውን እንግዶች ለምግብ ብለው ለጠላት ሲያስረክቡ፣ ደራሲው እውነቱን ይነካውና ወዲያው ይተወዋል።

ጨዋታው የሚያልቀው ዳሌኮች ጠፍተው የለንደን ትልቁ ደወል ሲደወል ነው። በጐጃም ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከተማውን ያስረከቡት፣ ጠላት አርበኞችን እንዲመልሱለት ወደ ጐጃም ያመጣቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ተወስነው ኖሩ እንጂ ለስቅላት አልቀረቡም። ዓባይን ለጠላት ሳያስደፍሩ የኖሩት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣልተው፣ ተይዘው፣ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ከተለወጠላቸው በኋላ ከወህኒ ለማምለጥ በመሞከራቸው፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር።