ግብር ያስነሣው ዐመፅ፤ ከጅጅጋ እስከ ቡርዖ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ ይተርቱ ነበር። ይህ ተረት የደጋ ገበሬ ተረት ነው። ገበሬ እርሻውን ተሸክሞ ሊሄድ አይችልምና ንጉሡን መክሰስ ካልቻለ ግብሩን ከፍሎ ዝም ይላል። በጅጅጋ ሜዳና ከእርሱ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የሐውድ ግጦሽ ግን የሰው ሀብት ግመል፣ ላም፣ በግና ፍየል ነው። ይህ ሀብት እግር አለው። ባለቤቱም ንጉሡን መክሰስ ባይችል ከብቱን እየነዳ ይሄዳል፤ መሄጃ ሲያጣ ደግሞ መሣሪያ ያነሣል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህ ነገር በሁለት መንግሥታት ሥር ሦስት ጊዜ እንዴት እንደ ደረሰ ለአንባቢዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ንጉሥ ምኒልክ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ አገሩን ለመኰንን ሰጡ። በዚያን ዘመን ወታደር ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወር ደመወዝ አይቀበልም ነበር፤ የሚበላው በተመደበለት ገባር ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን መጣ። የከብት በሽታ የደጋውን በሬና ላም ፈጀ፤ ረኃብም ሆነ። የሐረር ጦርም ዓይኑን ወደ ቆላው ከብት አዞረ። ነገር ግን ከውሃ ወደ ውሃ የሚጓዘውን ሶማሌ እንደ ገበሬ ቆጥሮ ገባር ማድረግ አልተቻለም። ስለዚህ ግብር መሰብሰብ ማለት ዘመቻ ማለት ሆነ። ጦሩ ይወርዳል፤ ያገኘውን መንጋ ይነዳል፤ ይመለሳል። ለተነዳበት ሰው ግብርና ዘረፋ የሚለዩበት ምልክት አልነበረም።

በ1885 ዓ.ም. ካፒቴን ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በጅጅጋ ሲያልፍ ከውሃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት የታጠረ ምሽግና 25 ወታደሮች አየ። የምሽጉን ቦታ ልብ እንበል። በደረቅ አገር ጉድጓዱን የያዘ ሰው መንገዱንም መንጋውንም ይይዛል።

በ1889 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተዋውለው በሐውድ ላይ ድንበር አበጁ። ውሉ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ወደ ግጦሽና ወደ ውሃ እንዲሻገሩ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ከብቱን የሚያሻግረው ሰው አልተጠየቀም። ዝናብ ተከትሎ ሲሻገር አንድ ጌታ፣ ሲመለስ ሌላ ጌታ ይጠብቀው ጀመር።

ሰይድ ሙሐመድ ዓብዱላህ ሐሰን ደርቪሾቹን አስከትሎ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። እርሱ ያስተማረው ስለ ሃይማኖት ነበር፤ ጠላቶቹም እንግሊዞችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነገር ግን በ1892 ዓ.ም. በጅጅጋ ላይ ያደረገው ዘመቻ የቅርብ ምክንያቱ ከብት ነበር። የኢትዮጵያ ጦር የኦጋዴንን ከብት ነድቶ ነበርና ደርቪሾች እርሱን ለማስመለስ መጡ። በግራዝማች ባንቴ የሚመራው ጦር ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ በጠመንጃ ስለ ተከላከለ ምሽጉ አልተያዘም፤ የተነዳው ከብት ግን ተመለሰ። ያለቀው ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሰይዱ ዝና በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ከብታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ከብት የሚያስመልስ መሪ አግኝተዋልና። ጦርነቱ ሃያ ዓመት ፈጀ። የቆመው እንግሊዞች በ1912 ዓ.ም. በአውሮፕላን ቦምብ ከጣሉበትና ሰይዱም በ1913 ዓ.ም. በኢሚ ከሞተ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ከዚህ ሁሉ ምን ተማሩ? ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በግዛታቸው ባለው ሶማሌ ላይ አዲስ ግብር ጣሉ። በየካቲት ወር 1914 ዓ.ም. በቡርዖ ሕዝቡ አንከፍልም ብሎ ተነሣ። የአውራጃው ሹም ካፒቴን አለን ጊብ ሁከቱን ለማብረድ ወጥቶ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገዢው አርቸር ከዔደን አውሮፕላን አስመጣ፤ ከተማዪቱም ተደበደበች፤ ሕዝቡም በግመል ተቀጣ። በመጨረሻ ግን ሌላ የደርቪሽ ጦርነት እንዳይነሣ ስለ ፈሩ ግብሩን ተዉት። ሁለት መንግሥታት፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሃይማኖት፤ የሆነው ነገር ግን አንድ ነው።

ሦስተኛው የሆነው በእኛው አገር ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጅጅጋና ኦጋዴን እስከ 1941 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ቆዩ፤ ሐውድም በ1947 ዓ.ም. ተመለሰ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃርን ጎብኝተው ለሕዝቡ ስለ ትምህርትና ስለ ልማት ተናገሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1955 ዓ.ም. ሹማምንቱ በከብት ላይ ግብር ለመሰብሰብ ወጡ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከወርዴር በስተ ሰሜን ሆዳዮ በተባለ የውሃ ቦታ 300 ያህል ሰዎች ተሰብስበው መኽታል ዳሂርን መሪ አድርገው ሸፈቱ። በሚቀጥለው ዓመት ኢትዮጵያና ሶማሊያ በድንበር ተዋጉ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ግብር ብቻ ነው ብል እውነት አልናገርም። ድንበርም ነበረ፤ ሃይማኖትም ነበረ፤ በ1952 ዓ.ም. ነፃ የወጣችው ሶማሊያ ጥሪም ነበረ። ነገር ግን ድንበር በካርታ ላይ ነው፤ ነፃነትም በሬዲዮ ይሰማል። ግብር ሰብሳቢው ግን በአጥሩ በር ቆሞ ግመል ይቆጥራል። ለከብት አርቢ የምትታለብ ግመል የዓመቱ ትርፍ አይደለችም፤ የልጆቹ ወተትና የነገው መንጋ እናት ናት። እርሷ ስትወሰድ ብዙ ዓመት ይወሰዳል። በምትኩ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት፣ ሐኪምና አስተማሪ ካልመጣለት ከፈልሁ አይልም፤ ተቀማሁ ይላል።

ይህ የሶማሌ ጠባይ ነው የሚል ሰው ቢኖር የባሌን ገበሬ ይመልከት፤ በዚያው በ1955 ዓ.ም. ሸፍቷል። የጎጃምንም ገበሬ ይመልከት፤ በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር አምፆ መንግሥት ውዝፉን እስኪምርለት ድረስ ተዋግቷል። በመጽሐፍ ቅዱስም ንጉሥ ሮብዓም ቀንበር አቅልልልን ያሉትን ሰዎች አክብድባችኋለሁ ቢላቸው መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግብር አስገባሪውም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

የምኒልክን አገዛዝ በጅጅጋ አንዳንዶች ቅኝ ግዛት፣ ሌሎች አገር ማቅናት ይሉታል። ክርክሩ ገና አላለቀም። ነገር ግን ከብቱ የተነዳበት ሰው ስሙን አልጠየቀም፤ የጠየቀው «በምን ፈቃድ፣ ለምን ጥቅም?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ በቡርዖም ሆነ በጅጅጋ መልስ የሰጠው ጠመንጃ ነበር።

ውድ ጓደኞቼ፤ ያለ ግብር መንግሥት የለም፤ ትምህርት ቤትም የለም። ጅጅጋ ዛሬ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ እንግዲህ ግብር የሚወጣባት ብቻ ሳትሆን የግብር ሕግ የሚመከርባትም ከተማ ሆናለች። ከመካከላችን ሕግ አውጪ፣ ሒሳብ ሹም፣ ግብር ሰብሳቢ የሚሆን ይኖራል፤ ከፋይ ግን ሁላችንም ነን። ሰብሳቢ የሚሆነው ጓደኛችን ግመሉን ከመቁጠሩ በፊት ጉድጓዱን ይቁጠር።